ርዕሰ ብሔርን በተወካዮች አማካይነት የመምረጥ ሥርዓት በኢትዮጵያ፤ አጀማመሩና ሂደቱ

በደቡብ ጎንደር ዞን ሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኘው የይፋግ ከተማ ነዋሪ በምርጫ ዕለት ድምጽ ሲሰጥ በወረቀቱ ላይ የርዕሰ ብሔር እጩ ስም አያገኝም። የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው ሕዝቡ በመረጣቸው ተወካዮች አማካይነት ነውና። ይህ አሠራር በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው ሲሆን በኢትዮጵያም የራሱ የሆነ ታሪክ አለው።

የአሠራሩ መነሻ

ሪፐብሊካዊ መንግሥትን በዘመናዊ መልክ ካቋቋሙ ሀገሮች መካከል ፕሬዚዳንቷን በመራጭ ተወካዮች በኩል በመምረጥ አሜሪካ ቀዳሚ ናት። እ.ኤ.አ. በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥቷ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት መራጮችን እንዲሰይም ያዘዘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1789 ጆርጅ ዋሽንግተን ድምጽ የሰጡትን የ69ኙንም መራጮች ድጋፍ አግኝተው ተመርጠዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1800 ቶማስ ጄፈርሰንና አሮን በር እያንዳንዳቸው 73 ድምጽ በማግኘታቸው ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ተመርቶ ከ36 ዙር ድምጽ አሰጣጥ በኋላ ነበር እልባት ያገኘው። ይህም እ.ኤ.አ. በ1804 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲደረግ ምክንያት ሆኗል።

በሌላ በኩል ሕንድና ጀርመን ርዕሰ ብሔራቸውን የሚመርጡት የማዕከላዊና የክልል ምክር ቤቶችን ውክልና በሚያጣምር ጉባኤ ነው። የኢትዮጵያ ሥርዓትም ከአሜሪካው ይልቅ ለእነዚህ የቀረበ ነው።

በዘውዱ ዘመን

በኢትዮጵያ በዘውዳዊው ሥርዓት ርዕሰ ብሔርነት በዘር ሐረግ የሚተላለፍ በመሆኑ ለምርጫ አይቀርብም ነበር። በተወካይ በኩል የመምረጥ አሠራር የታየው በምክር ቤቱ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በመኳንንቱና በአካባቢ ሹማምንት እንዲመረጡ ደንግጓል።

በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን አሠራር በመለወጥ የምክር ቤቱ አባላት በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ አደረገ። በዚህም መሠረት በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ በወቅቱ በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበሩት የደብረ ታቦርና የአካባቢው ነዋሪዎችም የመምረጥ መብት አገኙ። ሆኖም ፓርቲዎች ያልነበሩ ከመሆኑም በላይ እጩዎች የንብረት ባለቤት እንዲሆኑ ይጠየቁ ነበር።

የመጀመሪያው የፕሬዚዳንት ምርጫ

የዘውድ አገዛዝ በ1967 ዓ.ም ከተሻረ በኋላ ሀገሪቱ ለ12 ዓመታት ያህል ያለ ሕገ መንግሥት በደርግ ስትመራ ቆይታለች። በጥር 1979 ዓ.ም በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ብሔራዊ ሸንጎን የበላይ የሥልጣን አካል በማድረግ ፕሬዚዳንቱን የመምረጥ ኃላፊነት ሰጠው። 835 አባላት የነበሩት ሸንጎ በ1979 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ባካሄደው የመጀመሪያ ጉባኤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ።

ኢትዮጵያ በተወካዮች ድምጽ ፕሬዚዳንት ስትሰይም ይህ የመጀመሪያው ቢሆንም ምርጫው ተፎካካሪ አልነበረውም። ሀገሪቱን የሚመራው ብቸኛ ፓርቲ ዋና ጸሐፊም እኚሁ ሰው ነበሩ። ተመራጩ ሰፊ አስፈጻሚ ሥልጣን ይዘው ቆይተው ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም ከሀገር ወጥተዋል።

በሐምሌ 1983 ዓ.ም የተቋቋመው የሽግግር መንግሥት የተወካዮች ምክር ቤትም አቶ መለስ ዜናዊን ፕሬዚዳንት አድርጎ መርጧል።

የ1987ቱ ድንጋጌ

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አስፈጻሚውን ሥልጣን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ በመስጠት ፕሬዚዳንቱን ርዕሰ ብሔር ብቻ አደረገ። በአንቀጽ 70 መሠረት እጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን፣ እጩው ፕሬዚዳንት የሚሆነው የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምጽ ሲቀበለው ነው። የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ አንድ ሰውም ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። የምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ከተመረጠ ወንበሩን ይለቃል።

በመሆኑም የይፋግ መራጭ ድምጽ በሁለት መንገድ ወደ ጋራ ስብሰባው ይደርሳል። አንደኛው በቀጥታ በመረጠው የሕዝብ ተወካይ በኩል ነው። ሁለተኛው በባህር ዳር በሚሰበሰበው የክልል ምክር ቤት በኩል ሲሆን፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት ወይም በሕዝብ እንዲመረጡ የሚያደርጉት የክልል ምክር ቤቶች ናቸውና።

የተመረጡት ፕሬዚዳንቶች

በዚህ ድንጋጌ መሠረት ነሐሴ 16 ቀን 1987 ዓ.ም ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም የተተኳቸው መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1994 እና በ2000 ዓ.ም በመመረጥ ሁለቱንም የሥራ ዘመን አገልግለዋል። ከእርሳቸው በኋላ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ መስከረም 27 ቀን 2006 ዓ.ም፣ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም፣ አቶ ታዬ አጽቀሥላሴ ደግሞ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርጠዋል።

የፕሬዚዳንቱ ገለልተኝነት በዚህ ሂደት አከራካሪ ሆኖ ታይቷል። በ1994 ዓ.ም የወጣው የፕሬዚዳንቱ አስተዳደር አዋጅ ከሥልጣን የተሰናበተ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ እንዲርቅ ይጠይቃል። ዶክተር ነጋሶ በ1997 ዓ.ም ምርጫ በግል ተወዳድረው የደምቢዶሎ ተወካይ በመሆናቸው ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚሰጡ ጥቅሞችን አጥተዋል።

የሥልጣኑ ክብደት

ፕሬዚዳንቱ የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ የጋራ ስብሰባ ይከፍታል፤ የውጭ አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል፤ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋል። የቀረበለትን ሕግ በ15 ቀናት ውስጥ ካልፈረመም ሕጉ በሥራ ላይ ይውላል። እንዲህ ያለ ውስን ሥልጣን ላለው ኃላፊነት የሁለት ሦስተኛ ድምጽ መጠየቁ ተመራጩ ከአንድ ወገን በላይ ተቀባይነት እንዲኖረው ለማድረግ ያስችላል። ይህ መስፈርት ትርጉም የሚኖረው ግን ምክር ቤቶቹ ልዩ ልዩ ድምጾችን ሲያቅፉ ነው፤ አንድ ፓርቲ ከሁለት ሦስተኛ በላይ መቀመጫ ሲይዝ የሌሎችን ስምምነት መጠየቅ አያስፈልገውም። ስለሆነም የርዕሰ ብሔሩ ምርጫ ክብደት የሚለካው በአዲስ አበባው የጋራ ስብሰባ ብቻ ሳይሆን፣ አስቀድሞ እንደ ይፋግ ባሉ ከተሞች የምርጫ ጣቢያዎች በሚሰጠው ድምጽ ጭምር ነው።