ናዝሬት ወይስ አዳማ?

አዳማ ላይ፣ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው የወጣ አንድ የሶፍትዌር ልጅ አለ። ስሙ ይቅር፤ ቢጤዎቹ ብዙ ናቸው። አለቃው ጠርቶ፣ «ከአዳማ ሻሸመኔ ያለውን የአውቶቡስ ትኬት በስልክ እንሽጥ» አለው። መቀመጫ የሚያስመርጠውን ኮድ በሳምንት ገላገለው። ከዚያ ወዲያ ልጁ ኮድ ጻፈ ማለት ይከብዳል።

ለምን ቢባል፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ገባ፤ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ፤ ባንኩም ሁሉ የየራሱ መተግበሪያ አለው። ተሳፋሪው «እኔ ጋ ያለው ይሄ ነው» ባይ ነው። ልጁ በየበሩ ደጅ ሊጠና ነዋ! አንዱ ባንክ «ደብዳቤ በማህተም አስገቡ» አለ፤ አስገባ። «የሰርቨራችሁን አይፒ ላኩ» አለ፤ ላከ። በሰጡት መመሪያ አንዱ ገጽ ላይ ስልክ በ09 ይጀምራል፣ ሌላው ላይ በ251። ሲስተሙ ሁለቱንም አልቀበልም አለ። ለካስ የመደመር ምልክት ፊቱ ላይ ካልተቀመጠለት አይሰማም!

ይሄስ ቀላሉ ነው። የአውቶቡስ ድርጅቱ ሲስተም «ናዝሬት» ይላል፣ የልጁ «አዳማ»። ረዳቱ «ናዝሬት! ናዝሬት!» ብሎ ሲጣራ ግራ የሚጋባ ሰው አይታችኋል? ሲስተም ግን ግራ ይጋባል። ዝዋይና ባቱን፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱን እያጣመረ ሰንጠረዥ ሲሠራ ከረመ።

ከሁሉ የባሰው ሰዓቱ ነበር። ማለዳ 12 ሰዓት የሚነሳውን አውቶቡስ፣ የድርጅቱ ሲስተም እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ እኩለ ቀን አደረገው። አንዲት እናት በትኬታቸው ላይ «ከቀኑ 6 ሰዓት» አንብበው፣ ምሳቸውን ቋጥረው መናኸሪያ ደረሱ። አውቶቡሱ እኮ ያኔ ሻሸመኔ ገብቷል።

ይህንንም አስተካከለ። ደግሞ አንድ ቀን ወደ ማምሻው፣ አንዲት ሴት የስልኳን መልእክት ዘርግታ መጣች። «ብሩ ተቆርጧል፤ ትኬቴስ?» ልጁ ባንኩ ጋ ደወለ። «በእኛ በኩል ሰላም ነው፤ በእናንተ በኩል ይሆናል።» አውቶቡስ ድርጅቱ ጋ ደወለ። «በእኛ በኩል ሰላም ነው።» ሁሉም ሰላም ከሆነ ብሩ የት ገባ? የባንኩን ልጅም አልፈርድበትም፤ እሱም ከውጭ የተገዛ ሲስተም ላይ ተቀምጦ የሻጩን መልስ የሚጠብቅ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ «መገጣጠም ብቻ» ብሎ የሚያናንቅ አለቃ ግን አንድ ቀን መናኸሪያ ይቁም።

ትኬት ቆራጩ በእስክሪብቶ ጽፎ ሴትዮዋን አሳፈራት። ባንኩ ጋ ያለው ልጅ መልሶ ደወለ።

«ወንድሜ፣ አገኘሁት። አይፒያችሁ ተቀይሯል።»

«በል እንግዲህ አስተካክልልኝ!»

«ደብዳቤ አስገቡ። የቀድሞውን የመራው ኃላፊ ተዛውሯል።»