ታኅሣሥ 29 በቶኪዮ፦ ከአገሩ የራቀ ቤተሰብና የሁለት አገሮች ዘመን አቆጣጠር

(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፣ ሙሉ ቅጂ)



ዛሬ የተሰበሰብንበት የጉለሌው ቁስቋም ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። ስሙ ግን ከሩቅ የመጣ ነው። በትውፊቱ መሠረት ቁስቋም ከሄሮድስ ሸሽቶ የተሰደደው ቤተሰብ በላይኛው ግብጽ ያረፈበት ስፍራ ሲሆን፣ ኅዳር 6 ቀን የሚታሰበውም ይኸው ነው። ስለዚህ ይህ ሰፈር ስሙ በተጠራ ቁጥር የሚያስታውሰን በባዕድ አገር የኖረን ቤተሰብ ነው። የዛሬው ጥያቄዬም ከዚሁ ይነሣል፤ ከአገሩ የራቀ ቤተሰብ በዓሉን በማን ቀን ያከብራል? ለማሳያ የመረጥኩት በቶኪዮ፣ በተለይም በካትሱሺካ ወረዳ በርከት ብለው የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን ነው።

ጃፓንን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን ከ1889 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ለዚያ ትውልድ ምሁራን ጃፓን የራሷን ሳትጥል የሠለጠነች አገር ነበረች። ይህ አመለካከት እስከ ዛሬ አብሮን አለ። በዘመን አቆጣጠር ረገድ ግን ታሪኩ ሌላ ነው።

ጃፓን እስከ 1872 እ.ኤ.አ. ድረስ የምትመራው በጨረቃና በፀሐይ ዑደት ላይ በተመሠረተ አቆጣጠር ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ ዘውድ በጫኑ በዓመቱ ገደማ፣ የጃፓን መንግሥት የ12ኛው ወር 3ኛ ቀን ጃንዋሪ 1 ቀን 1873 እንዲባል አዘዘ። ከምዕራባውያን ጋር የነበረው ግንኙነት አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው የገንዘብ ነበር፤ በአሮጌው አቆጣጠር መጪው ዓመት 13 ወራት ሊኖሩት ነው፤ የሹማምንት ደመወዝ ደግሞ በወር መከፈል ጀምሯል። ለጳጉሜን ደመወዝ የማይከፈለን እኛ ይህን ስሌት ለመረዳት አንቸገርም።

ልማዱ አልጠፋም፤ ወደ አዲሱ ቀን ተዛወረ። ሆኖም ዋጋ ከፈለ። የጃፓን የአዲስ ዓመት ካርድ ዛሬም «አዲስ ጸደይ» ብሎ መልካም ምኞት ይገልጻል፤ ውጭው ግን የክረምት ብርድ ነው። ጃንዋሪ 7 ቀን የሚበላው የሰባት ቅጠላ ቅጠል የሩዝ ገንፎም እንዲሁ ነው። ቅጠሎቹ በአሮጌው አቆጣጠር ሜዳ ላይ የሚለቀሙ ነበሩ፤ አሁን በአመዛኙ ከገበያ ይገዛሉ።

እንግዲህ ኢትዮጵያዊው ኦርቶዶክስ ቤተሰብ በዚህ ወቅት ምን ይገጥመዋል? ዲሴምበር 25 በጃፓን የሥራ ቀን ነው። ከ1927 እስከ 1947 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል ሆኖ ነበር፤ ይህም የሆነው አፄ ታይሾ በ1926 ያረፉት በዚያው ቀን ስለ ነበር እንጂ ከልደት ጋር አይገናኝም። ዛሬ ገና ለጃፓናውያን ክሬም የተቀባ ኬክና፣ ከ1974 የንግድ ማስታወቂያ ወዲህ የተለመደ የተጠበሰ ዶሮ ነው። ቤተሰቡ ግን ጾመ ነቢያት ላይ ነው። ዋናው በዓል ጃንዋሪ 1 ሲደርስ ልጆች በፖስታ የታሸገ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ ማዕዱ ላይ ዓሣ፣ እንቁላልና ሽሪምፕ ይቀርባል። ጾሙ ገና አላበቃም።

ከዚያ ጃንዋሪ 7 ይመጣል። ዕለቱ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ነው። ጃፓናውያን በበዓሉ የደከመ ሆዳቸውን በቅጠል ገንፎ በሚያሳርፉበት ዕለት፣ የእኛ ሰዎች ጾማቸውን በዶሮ ወጥ ይፈታሉ። ጎረቤት ከጎረቤት በአንድ ቀን ተገናኝተው በማዕድ ይተላለፋሉ።

ዕለቱ በሥራ ቀን ከዋለ ደግሞ አባት ከሥራ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይጋጫሉ። በዓሉን ወደ እሑድ ማዛወር ይቻላል፤ ማዕዱ ይሞላል፣ እንግዳ ይመጣል። የሚቀረው ከአገር ቤት ጋር አብሮ መዋል ነው። ቶኪዮ እኩለ ቀን ሲሆን አዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ ቅዳሴ የተመለሰችው እናት ስልክ የምታነሣበት ሰዓት። ይህ ሰዓት እሑድን አይጠብቅም።

የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። በዓሉን ያዛወረውን ቤተሰብ ባህሉን ጣለ ብለን ልንወቅሰው አይገባም፤ ያደነቅናት ጃፓን ራሷ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ማዛወር ምንም አያስቀርም ብለን ግን ልጆቹን አናታልል። ለምን እንደ ተዛወረና ምን እንደ ቀረ ከተነገራቸው፣ ቀኑን መመለስ ባይችሉ እንኳ ቀኑን ያውቁታል።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።