ማሽኑ የሸሸገው የአጣቢዎች እውቀት

የልብስ ማጠቢያ ማሽን "ተበላሸ" ሲባል የሚሰማው ስሞታ በየቤቱ ተመሳሳይ ነው። ውሃ እንደያዘ ቆመ፣ ውሃ አልስብ አለ፣ ሲጨምቅ ቤቱን እያንቀጠቀጠ ከቦታው ተነሣ፣ አረፋ ተፋ። ብዙዎች ይህን ሲያዩ "ሞተሩ ተቃጥሏል" ብለው ይደመድማሉ፤ ባለሙያ ካልተገኘም ማሽኑ በረንዳ ላይ የዕቃ መደርደሪያ ሆኖ ይቀራል። እኔ ግን ከእነዚህ ስሞታዎች አብዛኞቹ የማሽን ሳይሆኑ የአጠባ ችግሮች ናቸው እላለሁ። በእጇ የምታጥብ ሴት ለአንድ ሳፋ ስንት ውሃ እንደሚበቃ፣ የቆሸሸው መቼ እንደሚደፋ፣ ሳሙናው መቼ እንደበዛ፣ ውሃ የጠጣ ጋቢ እንዴት እንደሚጨመቅ በዓይኗና በእጇ ታውቃለች። ማሽኑ እነዚህን ሥራዎች በአንድ ጊዜ አልወሰደባትም፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በፈጀ ሂደት አንድ በአንድ ተረከባቸው። በተረከበ ቁጥርም ሥራው ከዓይን ተሰወረ። የዛሬዎቹ የተለመዱ ብልሽቶች የሚወለዱት እዚያው፣ ሥራው ከሰው እጅ ወደ ማሽን በተሻገረበት ቦታ ስለሆነ፣ የማሽኑን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምር አይቸገርም።

የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች የተረከቡት ማሸትን ብቻ ነበር። በ1760ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን ሬገንስቡርግ ከተማ የሚኖረው ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ ያኮብ ክርስቲያን ሼፈር የእንጨት ማጠቢያ ንድፍ አሳተመ። በ1782 ሄንሪ ሲጅየር በእንግሊዝ አገር ለሚሽከረከር ድራም የፈጠራ መብት አገኘ። በ1797 ናትናኤል ብሪግስ በአሜሪካ ለልብስ ማጠቢያ የፈጠራ መብት ቢያወጣም ሰነዱ በ1836 የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤቱን ባወደመው ቃጠሎ ጠፍቷል። በእነዚህ መሣሪያዎች ውሃውን የሚቀዳው፣ የሚያሞቀው፣ የሚደፋው፣ ሳሙናውን የሚመጥነው አሁንም ሰው ነበር። ስለዚህ የሚበላሸውም በግልጽ የሚታይ ነገር ነው፦ የላላ እጀታ፣ የተሰነጠቀ እንጨት፣ የሚያፈስ ገንዳ።

ኤሌክትሪክ ሲመጣም ይህ ወዲያው አልተለወጠም። የቺካጎው የሃርሊ ኩባንያ "ቶር" የተባለውን ማሽን በ1908 አካባቢ ለገበያ አቀረበ፤ አልቫ ፊሸርም በ1910 የፈጠራ መብቱን ተቀበለ። ፊሸር የኤሌክትሪክ ማጠቢያ ፈልሳፊ ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ይሁን እንጂ ከእርሱ በፊትም እንዲህ ያሉ ማሽኖች በአሜሪካ ጋዜጦች ይተዋወቁ ነበር። ሞተሩ ማሸቱን ያዘ፤ ከገንዳው በላይ የተገጠሙት ሁለት ተንከባላዮችም ልብሱን በመሀላቸው እያሳለፉ መጭመቁን ያዙ፤ የስንቱን ጣትም አብረው ጨመቁ። ውሃው ግን በባልዲ ይሞላል፣ በቱቦ ይወርዳል፤ ገንዳው ክፍት ነው። አዮዋ ውስጥ በኒውተን ከተማ የነበረው ሜይታግ በ1922 "ጋይራፎም" የተባለውን ዝነኛ ማሽኑን አወጣ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ የገበሬ ቤቶች ኤሌክትሪክ የገባላቸው ከአሥር አንድ ገደማ ስለነበሩ፣ ኩባንያው ማሽኑን ከቤንዚን ሞተር ጋርም ይሸጥ ነበር። የገበሬዋ ሚስት ዘይትና ቤንዚን ቀላቅላ፣ በእግሯ ረግጣ፣ ካንዴላ ያለውን ሞተር በየሳምንቱ ታስነሣ ነበር ማለት ነው። ይኸው ኩባንያ በ1967 በጀመረው ዝነኛ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ የምናየው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፦ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ማሽኑ ስለማይበላሽ የሚጠራው አጥቶ ብቻውን የሚቆዝም ጠጋኝ። ማስታወቂያው የተሠራው ጥንካሬን ለማሞገስ ነው። ሆኖም ማሽኑን መክፈት የባለቤቲቱ ሳይሆን የባለዩኒፎርሙ ሥራ መሆኑን እግረ መንገዱን አስተማረ። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል አርባ አምስት ዓመት አለ፤ በዚህ መሀል የሆነውን ማየት ያስፈልጋል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1937 ነው። ቤንዲክስ የተባለው ኩባንያ በዚያ ዓመት ራሱ ውሃ የሚሞላ፣ የሚያጥብ፣ የሚያለቀልቅና በማሽከርከር የሚጨምቅ የቤት ማሽን ለሕዝብ አሳየ። አጣቢዋ ከባልዲው ተገላገለች፤ ውሃው ስንት እንደሆነ ማየትም ቀረ። አሁን ሁለት ነገሮች በእርሷ ቦታ ማወቅ አለባቸው። አንደኛው በመግቢያው ላይ ያለው ቫልቭ ነው። ሁለተኛው፣ በኋላ የተለመደው፣ የግፊት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ይህ ውሃውን ከሚይዘው በርሜል ግርጌ ተነሥቶ ወደ ላይ ከሚወጣ እርሳስ የምታህል ቀጭን የጎማ ቱቦ ጋር የተያያዘ ነው። ውሃው በርሜሉ ውስጥ ከፍ ሲል በቱቦው ውስጥ የታፈነውን አየር ይገፋል፤ አየሩ ከላይ ያለችውን ስስ ሽፋን ይገፋል፤ ሽፋኗ "በቃ፣ ሞልቷል" ትላለች። የቱቦዋ ሥር በሳሙና ዝቃጭ ከተደፈነ ወይም ጎማዋ ከተሰነጠቀ ማሽኑ ውሃውን መለካት አይችልም። ወይ ሞልቶ ይፈሳል፣ ወይ ባዶውን ሞልቻለሁ ብሎ ይቀመጣል። ይህን ያየ ሰው ማሽኑ "አበደ" ይላል። የሚያስፈልገው ግን ቱቦዋን ነቅሎ፣ ሥሯን አጥቦ፣ ስንጥቅ ካለባት በሌላ መተካት ነው።

ቫልቩ ደግሞ በተለይ ለእኛ አገር ቤቶች ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ጎማው ከማሽኑ ጀርባ በሚገጠምበት ቦታ የጥፍር ያህል ትንሽ ወንፊት አለች፤ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ዝገትና ደለል እዚያ ይከማቻል። በፒንሳ ተስባ የምትወጣና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የምትጸዳ ናት። ወንፊቷ ንጹሕ ሆና ውሃው ካልገባ ግፊቱን መጠርጠር ነው። ብዙ አምራቾች ለቫልቩ ከ0.3 እስከ 1 ባር የሚሆን ዝቅተኛ ግፊት ይጠይቃሉ። የአሥር ሜትር የውሃ ከፍታ 1 ባር ገደማ ስለሚሰጥ፣ ከማሽኑ ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር አካባቢ ነው፤ ያውም ቱቦው ጠባብ ወይም ረጅም ካልሆነ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ጤነኛ ማሽን "ውሃ አልስብም" ይላል፤ ቫልቭ እየተገዛ ይቀየራል፤ ችግሩ እዚያው ይቆያል። ቧንቧ ላይ ባልዲ ደቅና ስትጠብቅ የኖረች አጣቢ ግን "ውሃው ደካማ ነው" ብላ በአንድ አፍታ ትፈርድ ነበር።

የመድፋት ሥራ የተላለፈው ለፓምፑ ነው። ከፊት በሚከፈቱት ማሽኖች በአብዛኛው ከታች በኩል ትንሽ ክዳን አለች፤ ከውስጧ የሚጠመዘዝ ማጣሪያ ይገኛል። ሳፋ በሚደፋበት ጊዜ ሳንቲሙ፣ ቁልፉ፣ የፀጉር ሽቦው ከሥር ሲቀር ይታያል፤ በማሽን ግን ሁሉም እዚህ ይከማቻል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ፣ ውሃው ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ከሥሩ ዝርግ ትሪ አድርጎ ማጣሪያውን ቀስ በቀስ ማላላት ነው። ከበስተጀርባው የፓምፑ መቅዘፊያ በጣት ይነካል። ሲያዞሩት ልስልስ ብሎ ሳይሆን ቆንጠጥ ቆንጠጥ እያለ ከዞረ ጤነኛ ነው፤ ከውስጥ ማግኔት ስላለው ነው እንደዚያ የሚለው። ክር ከተጠመጠመበት ፈትቶ ማውጣት ነው። የዚህ ተቃራኒ የሆነ ችግርም አለ፦ የማስወገጃው ቱቦ ጫፍ ወለል ላይ ካለ ፍሳሽ ውስጥ ከተጣለ ውሃው ራሱን በራሱ እየሳበ ስለሚወርድ ማሽኑ ሲሞላ ሲደፋ ይውላል። ጫፉን ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ማሰር ብቻውን ይበቃዋል።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስገርመው የጭመቃው ታሪክ ነው። ሁለት ሰዎች ጋቢ ሲጨምቁ በሁለት ጫፍ ይዘው ክብደቱን እኩል ይካፈላሉ። የሚሽከረከር ድራም ይህን ማስተዋል የለውም። ዲያሜትሩ 48 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድራም በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር፣ በአንድ ወገን የተከማቸ አንድ ኪሎ እርጥብ ፎጣ ከ250 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ወደ ውጭ ይጎትታል። የቤንዲክስ የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ከወለል ጋር በብሎን ይታሠሩ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት መሐንዲሶች በርሜሉን በሞላ አንጠለጠሉት፣ ከሥር አሞርዛተር አቆሙለት፣ የኮንክሪት ክብደት ጫኑበት። ስለዚህ ማሽን ሲዘል መጀመሪያ የሚጠየቀው ውስጡ ያለው ልብስ ነው፦ አንድ ብርድ ልብስ ብቻውን ገብቷል? ቀጥሎ እግሮቹ፦ ወለሉ ላይ ሲነቀነቅ ይወዛወዛል? ማሽኑ አዲስ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ያሉት የጉዞ ብሎኖች ይታያሉ። ፋብሪካው በመንገድ ላይ በርሜሉ እንዳይንገላታ ሦስት ወይም አራት ረጃጅም ብሎኖች ያስርበታል፤ እነዚህ ሳይፈቱ የተሠራበት ማሽን በገዛ ንዝረቱ ራሱን ይጎዳል። አሞርዛተሩ የሚጠረጠረው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ስለ ሳሙና ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ግን አንድ ነገር መነሣት አለበት። እንዶድ ወቅጦ የሚያጥብ ሰው አረፋውን እያየ ይመጥናል። የማጠቢያ ቦታ አስተውሎ ለሚያይ ሰው ምን ያህል እንደሚያስተምር ዶክተር አክሊሉ ለማ አሳይተዋል፤ በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው በቀንድ አውጣ የሚተላለፈውን ቢልሃርዚያን በእንዶድ የመከላከል ምርምራቸውን የጀመሩት። ታይድ የተባለው የማጠቢያ ዱቄት በ1946 ከወጣ በኋላ ግን ሰው ሠራሽ ዱቄት በየቤቱ ገባ፤ ብዙ አረፋ የንጽሕና ምልክት ሆነ። ከፊት የሚከፈት ማሽን ልብሱን እያነሣ በጥቂት ውሃ ውስጥ በመጣል ነው የሚያጥበው። አረፋ ሲበዛ አወዳደቁን ያለሰልሰዋል፣ ፓምፑን ውሃ ያሳጣዋል፣ ያችን ቀጭን ቱቦም ያደናግራታል። ለእጅ አጠባ የተሠራ ዱቄት በለመድነው እፍኝ ሲጨመር የሚመጣው ይህ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው አደጋው ነው፦ ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ሣጥን። ይህ እውነት ስለሆነ ድርድር የለውም። ሶኬቱ ሳይነቀል ምንም አይከፈትም፤ ካፓሲተር ያለው ሞተር ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ለባለሙያ ይተዋል፤ ብሬከር የሚጥል ወይም ሲነካ የሚነዝር ማሽንም እንደዚሁ። ነገር ግን ወንፊት፣ ማጣሪያ፣ የቱቦ ከፍታ፣ የጉዞ ብሎን፣ የሳሙና ልክ አንዳቸውም ሽቦ አያስነኩም። አደጋው ያለበትን ክፍል ጠቅሶ አደጋ የሌለበትን ሁሉ መዝጋት ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዛሬ ማሽን ኮምፒውተር ነው፣ የድሮ ታሪክ አይሠራለትም የሚል ነው። እስቲ ማሽኑ በስክሪኑ የሚያወጣውን የስሕተት ምልክት ምንነት እንመልከት። የማስወገጃ ስሕተት የሚለው ምልክት በአብዛኛው "ፓምፑ ሞቷል" ማለት አይደለም፤ "በተሰጠው ደቂቃ ውስጥ ውሃው አልወረደም" ማለት ነው። የመሙያውም እንደዚሁ የጊዜ ቆጠራ ነው። ማሽኑን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚያውቀው ያቺ ጎማ ቱቦና ጥቂት መለኪያዎች የነገሩትን ብቻ ነው። ስለዚህ ምልክቱን አይቶ ሰሌዳ የሚቀይር ሰው መልእክተኛውን እየቀጣ ነው። ሰሌዳ አይቃጠልም አልልም፤ መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ ሰሌዳ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ግን ውሃው ሳይመረመር ወደዚያ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ አምራቾች ሆን ብለው የሚዘጉት ክፍል አለ። ድራሙን የያዘው ኩሽኔታ ውሃ የሚከለክለው ጎማ ሲያልቅ ይዝጋል፣ ሲጨምቅም እንደ አውሮፕላን ይጮኻል። በቀድሞዎቹ ማሽኖች በርሜሉ በብሎን የተያያዘ ሁለት ግማሽ ስለነበር ተከፍቶ ኩሽኔታው ይቀየራል። በዛሬዎቹ ብዙ ማሽኖች ሁለቱ ግማሾች በሙቀት ተጣብቀው ስለሚሠሩ ለአንድ ኩሽኔታ ሲባል በርሜሉ በሙሉ ይገዛል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ ማሽን ይገፋል። እዚህ ላይ የአጣቢዋ እውቀት አይረዳም፤ የሚያስፈልገው ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከማርች 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው ደንብ አምራቾች የመጨረሻው ማሽን ለገበያ ከቀረበ በኋላ ቢያንስ ለ10 ዓመት መለዋወጫ እንዲያቀርቡ አስገድዷል። ደንቡ በርን፣ የበር ጎማንና የሳሙና መሳቢያን ለማንኛውም ባለቤት ሲፈቅድ ፓምፕን፣ አሞርዛተርን፣ ኩሽኔታንና ሰሌዳን ለባለሙያ ጠጋኞች ብቻ ነው የሚያስገድደው። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይሁንና ፓምፕን ከሰሌዳ ጋር አንድ ወገን ማስቀመጡ ትክክል አይመስለኝም። ፓምፕ በብዙ ማሽን በጥቂት ብሎንና በአንድ ሶኬት የተያዘ፣ በካቻቪቴ ብቻ የሚቀየር ክፍል ነው።

የአውሮፓ ደንብ አዲስ አበባ ለሚሸጥ ማሽን ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ገዢው ይመጣል፤ ሱቅ ውስጥ ከቀለሙና ከኪሎው በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። የፓምፑ ማጣሪያ ከፊት ይከፈታል? በርሜሉ በብሎን የተያዘ ነው ወይስ የተጣበቀ? ለዚህ ሞዴል ፓምፕና ቫልቭ እዚህ ከተማ ይሸጣል? መመሪያው ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ የውሃ ግፊትስ ስንት ነው? የመጨረሻው ቁጥር ከቤቱ ሮቶ ከፍታ ጋር የማይስማማ ከሆነ ወይ ሌላ ሞዴል መምረጥ፣ ወይ ትንሽ የግፊት ፓምፕ አብሮ መግዛት ነው።