ሞተር ሳይክልን ለዋግ አቧራና ለተከዜ አሸዋ ማሰናዳት

ሰቆጣ፦ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መኪና የማይዘልቅባቸው ቀበሌዎች ብዙ ናቸው። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ክትባት፣ የግብርና ባለሙያው ምርጥ ዘር፣ ነጋዴው ሸቀጥ ይዞ ወደነዚህ ቀበሌዎች የሚዘልቀው በእግሩ፣ በጋማ ከብት ወይም በሞተር ሳይክል ነው። ከሦስቱ ፈጣኑ ሞተር ሳይክል ነው። ይሁን እንጂ ለሰቆጣ ጠጠር መንገድ የተሰናዳ ሞተር ሳይክል የተከዜ ዳርቻ አሸዋ ላይ ሲደርስ የፊት ጎማው ይሰምጣል፤ ኋላው ይዋልላል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ቅዝቃዜው ተጠብቆ የሚጓጓዝ ክትባት ደግሞ ሞተር ሳይክሉ ከአሸዋ እስኪወጣ ብዙ አይታገሥም።

የችግሩ ምንጭ በአብዛኛው የጉልበት ማነስ አይደለም። የጎማው ንፋስ፣ የጭነቱ አቀማመጥ፣ የሞላው ጥንካሬ፣ የሰንሰለቱ ውጥረትና የአየር አወሳሰዱ ከሚሄድበት መሬት ጋር ሳይስማሙ መቅረታቸው ነው። አብዛኛውን ለማስተካከል የንፋስ መለኪያ፣ የእጅ መንፊያና ጥቂት ቁልፎች ይበቃሉ።

የመሬቱ ጠባይ

ሰቆጣ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ግን ሲሞላ ከፍታው 1 ሺህ 140 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከሰቆጣ ተነሥቶ በአበርገሌ ወይም በዝቋላ በኩል ወደ ሐይቁ የሚወርድ አሽከርካሪ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በአማካይ 1 ሺህ ሜትር በተወረደ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተኩል ገደማ ይጨምራል።

በዚህ ጉዞ ሦስት ዓይነት መሬት ይገጥማል። በደጋው ድንጋይና ጠጠር ይበዛል። በተዳፋቱ ላይ በበጋ ወራት የላመ አቧራ የመንገዱን ቦይ ሞልቶ ድንጋዩን ይሸፍናል። በወንዞች ዳርቻ ደግሞ አሸዋ አለ። ለአንደኛው የሚስማማው ለሌላው አይስማማም።

የጎማ ንፋስ

ሰቆጣ በቀድሞው ዘመን የአሞሌ ጨው የሚራገፍባት የታወቀች የቅፍለት ገበያ ነበረች። የቅፍለት ከብት እግር የጎማን ነገር በቀላሉ ያስረዳል። የአህያ ኮቴ ጠባብና ጠንካራ በመሆኑ ድንጋይ ላይ ይቆናጠጣል። የግመል መዳፍ ግን ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ በአሸዋ ውስጥ አይሰምጥም። ጎማም ንፋሱ ሲበዛ ወደ ኮቴ፣ ሲቀንስ ወደ መዳፍ ይጠጋል። በ2 ባር የተነፋ ጎማ ወደ 1 ነጥብ 5 ባር ሲወርድ መሬት የሚነካው ስፋት በስሌት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያድጋል። መለኪያው በፒ ኤስ አይ የሚያነብ ከሆነ አንድ ባር 14 ነጥብ 5 ፒ ኤስ አይ ነው።

መነሻው የአምራቹ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ፣ በብዙ ሞተር ሳይክሎችም በሰንሰለቱ መሸፈኛ አካባቢ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይገኛል። ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከጉዞ በፊት ይለካል። አሸዋው ረጅም ሲሆን ከዚህ ቁጥር አንድ አራተኛ ያህል መቀነስ የተለመደ ነው። ይሁንና ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ከ1 ባር በታች እንዲወርድ ባይደረግ ይመረጣል፤ የተሸከመ ከሆነ ደግሞ ቅነሳው ከዚያም ያነሰ ይሁን።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በአቧራ የተሸፈነ ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ጎማው በቸርኬው ላይ ሲንሸራተትም ቫልቩን ከሥሩ ሊገነጥለው ይችላል። ስለዚህ አሸዋው እንዳለፈ ጎማው እንደገና መነፋት አለበት። መንፊያ ሳይዙ ንፋስ መቀነስ መመለሻ ሳያስቡ መውረድ ነው።

ጭነትና ሞላ

አሸዋ ላይ የፊት ጎማ ሲከብድ ይቆፍራል፤ መሪውም በድንገት ይታጠፋል። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲያደላ ፊቱ ይቀልና በአሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ጭነቱ ሁሉ ከኋላ ጎማ እምብርት አልፎ ከተንጠለጠለ አቀበት ላይ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሣል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ ወደ አሽከርካሪው ተጠግቶ፣ በግራና በቀኝ ተመጣጥኖ ይታሰራል። የክትባት ሣጥን ወይም ጀሪካን ከኋላ ከፍ ተደርጎ ሲታሰር ትንሹን ውልግድታ ወደ ውድቀት ይለውጠዋል።

የኋላ ሞላ የሚጠብቅበትና የሚላላበት ቀለበት በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ አለ። ልኩን ለማወቅ ሁለት ሰው ይበቃል። በመጀመሪያ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ ከጎማው እምብርት እስከ መቀመጫው ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካል። ከዚያም አሽከርካሪው ከነጭነቱ ተቀምጦ እንደገና ይለካል። ልዩነቱ የኋላ ጎማው መውጣትና መውረድ ከሚችልበት ጠቅላላ ርቀት አንድ ሦስተኛ ገደማ ቢሆን ተስማሚ ነው። ከዚያ ከበለጠ ሞላው ይጠብቃል፤ ካነሰ ይላላል። ጭነቱ ሲራገፍ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ ያለበለዚያ የቀለለው ሞተር ሳይክል በድንጋይ ላይ ይዘላል።

ይህ የክብደት ሕግ ለአሸዋ ብቻ የተሠራ አይደለም። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ተራሮች የሚነዱ የበረዶ ሞተሮች ከፊት ሁለት ሸርተቴ፣ ከኋላ በጎማ ፈንታ የሚሽከረከር ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ አላቸው። እንደ ዱቄት የላመ ጥልቅ በረዶ ላይ የሚነዱት ረጅም ቀበቶና ረጃጅም ጥርሶች ይመርጣሉ። ሸርተቴዎቹ በረዶው ውስጥ እንዳይጠልቁም ክብደቱ ወደ ኋላ እንዲያደላ ሞላዎቹንና ማሰሪያዎቹን ያስተካክላሉ። መሬቱ ሲላላ መርገጫን ማስፋትና ፊትን ማቅለል በዚያም በዚህም አንድ ነው።

ሰንሰለትና ጥርስ

የሰንሰለት ልል መጠን በታችኛው መስመር መካከል ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ተገፍቶ ይለካል። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ከ25 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ትክክለኛውን የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ ነው። አሽከርካሪና ጭነት ሲጨመር ሞላው ስለሚጨመቅ ሰንሰለቱ ይወጠራል። ስለዚህ ባዶውን ሳለ አጥብቆ መወጠር አሸዋ ውስጥ እንዲበጠስ መንገድ ይከፍታል። የኋላ ጎማው ወደ ኋላ ሲሳብ በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል መቆማቸው መረጋገጥ አለበት።

ዘወትር በአቀበትና በአሸዋ የሚሠራ ሰው የፊተኛውን ባለጥርስ ቀለበት በአንድ ጥርስ ባነሰ ማስቀየር ይችላል። ከ15 ወደ 14 ጥርስ ሲወረድ ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው የመሳብ ኃይል በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

አየርና ነዳጅ

በሰቆጣ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ይህን በራሱ አያውቅም። ለቆላ የተመጠነ ካርቡሬተር በደጋ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል፤ ቤንዚንም በከንቱ ያልቃል። ለደጋ የተመጠነው ደግሞ ወደ ተከዜ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰዋል፤ ካንዴላው ይነጣል፤ ሞተሩ ይግላል። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ልክ መምረጥ ግድ ከሆነ ነዳጅ ትንሽ ቢበዛ ይሻላል። የበዛ ነዳጅ ገንዘብ ያባክናል፤ ያነሰ ነዳጅ ግን ፒስተን ያቃጥላል። ነዳጅ በኮምፒዩተር የሚመጠንላቸው አዳዲስ ሞተሮች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

በበጋ አቧራ ፊልትሮው በየቀኑ ሊታይ ይገባል። የስፖንጅ ፊልትሮ በሳሙና ውኃ ይታጠባል፤ በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያም በጥቂት ዘይት ተነክሮ ይጨመቃል። የወረቀት ፊልትሮ ግን ውኃም ዘይትም አይነካውም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ይነፋል፤ ሲያረጅም ይቀየራል። በቤንዚን ማጠብ የእሳት አደጋ ስላለው አይመከርም። ከፊት የሚሄድ ተሽከርካሪ የሚያስነሣው አቧራ እስኪረግብ ርቆ መከተል ፊልትሮንም ሳንባንም ይጠብቃል።

በመንገድ ላይ

አሸዋ ውስጥ ሲገባ ማርሹ ቀድሞ ይቀነሳል፤ ፍጥነቱ ሳይቆራረጥ ይያዛል። አሽከርካሪው በእግር መርገጫው ላይ ቆሞ ወገቡን ጥቂት ወደ ኋላ ያደርጋል። ዓይኑን ከፊት ጎማው ላይ አንሥቶ አሻግሮ ያያል። የፊት ፍሬን በአሸዋ ላይ በድንገት ሲያዝ ጎማው ስለሚቀበር ፍጥነት በነዳጅ መቀነስና በኋላ ፍሬን ይገታል። የኋላ ጎማው ባለበት መሽከርከር ከጀመረ ነዳጅ መጨመር ጉድጓዱን ከማጥለቅ ውጭ አይረዳም። ወርዶ ጭነቱን ማቅለልና መግፋት ይሻላል።

ወደ ቆላ በሚወስደው ረጅም ቁልቁለት ቤንዚን ለመቆጠብ በፎሌ መውረድ አደገኛ ልማድ ነው። ሞተሩ የማይገታው ሞተር ሳይክል ክብደቱን ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጥላል፤ ፍሬኑም ግሎ መያዙን ይተዋል። ቁልቁለቱ የሚወረድበት ማርሽ ዳገቱ ከሚወጣበት እምብዛም አይለይም።

በክረምት አቧራው ወደ ጭቃ ይለወጣል። ጭቃ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ከተጠቀጠቀ ጎማውን ይቆልፈዋል፤ ስለዚህ ጥርሳም ጎማና ሰፊ ክፍተት ያስፈልጋል። ደራሽ ወንዝ ግን በማናቸውም መሰናዶ አይታለፍም፤ እስኪጎድል መጠበቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

በመሥሪያ ቤቶች አንድ ሞተር ሳይክል በብዙ ባለሙያዎች እጅ ይዘዋወራል። አንዱ ለአሸዋ ያላላውን ጎማ ሌላው ሳያውቅ ወደ ድንጋይ ይነዳዋል። የፊትና የኋላ ጎማ ንፋስ ለብቻ ጉዞ፣ ለጭነትና ለአሸዋ ስንት ስንት እንደሆነ፣ ሞላው በስንተኛው እርከን ላይ እንደቆመ፣ ፊልትሮው መቼ እንደታጠበ በአንዲት ወረቀት ጽፎ ከመቀመጫው ሥር ማኖር ቀጥሎ የሚነዳውን ሰው ከዚህ አደጋ ይጠብቀዋል።