ያልመጡት መራጮች፦ ስሎቫኪያና የአውሮጳ ፓርላማ ምርጫዎች



ወደ ምርጫ ጣቢያ ስላልሄዱ ሰዎች በሚነገርበት ጉባኤ አዳራሹ መሙላቱ አስደስቶኛል። በቅድሚያ አንድ ማሳሰቢያ፦ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሜይ 2003 የስሎቫኪያ ሕዝብ የአውሮጳ ኅብረት አባል ለመሆን ይፈልግ እንደሆነ በሕዝበ ውሳኔ ተጠየቀ። ድምፅ ከሰጡት ከ92 በመቶ በላይ የሚሆኑት «አዎን» አሉ። በዚያ ዓመት ተመሳሳይ ሕዝበ ውሳኔ ካካሄዱት አገሮች መካከል ከዚህ የላቀ ድጋፍ የታየበት አልነበረም። አገሪቱ በሜይ 1 ቀን 2004 አባል ሆነች። ከስድስት ሳምንታት በኋላ፣ በጁን 13፣ ያው ሕዝብ በአውሮጳ ፓርላማ የሚወክሉትን 14 ሰዎች እንዲመርጥ ተጠራ። የመጣው 16.97 በመቶው ብቻ ነበር፤ ከ25ቱ አባል አገሮች የመጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር።

ከብዙ ዓመታት በፊት ይህን ምርጫ ሳስተምር ነገሩ ቀላል ይመስለኝ ነበር። ቁጥሩን በሰሌዳ ላይ ጽፌ «ስሎቫኮች በስድስት ሳምንት ውስጥ ለአውሮጳ ጀርባቸውን ሰጡ» አልሁ። ከኋላ ረድፍ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ያልመጡት ሰዎች ይህን ማለታቸው እንደሆነ በምን አወቁ?» ስትል ጠየቀችኝ። በዚያ ቀን የሰጠኋት መልስ አጥጋቢ አልነበረም። የዛሬው ንግግሬ ዘግይቶ የደረሰ መልስ ነው።

ዝምታ መልስ ነው ይባላል። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ዝምታ ከሁሉ የከፋ ምንጭ ነው፤ የፈለገውን ሊያናግረው ይችላልና። የስሎቫኮችን ዝምታም ብዙዎች እንደየፍላጎታቸው አናግረውታል። ኅብረቱን የሚጠሉት «ተቃውሞ ነው» አሉ። የሚወዱት ደግሞ «ሕዝቡ ስለረካ ነው ያልመጣው» አሉ። የሁለቱም ንባብ ከመዛግብቱ ጋር አይገጥምም። በየጊዜው የሚካሄዱት የዩሮባሮሜትር ጥናቶች በእነዚያ ዓመታት ስሎቫኮች ከገዛ ፓርላማቸው ይልቅ ለአውሮጳ ኅብረት የበለጠ እምነት እንደነበራቸው ያሳያሉ። በሌላ በኩል፣ የረካ ሕዝብ በአገሩ ምርጫም ቤቱ ይቀመጥ ነበር፤ በ2002ቱ ብሔራዊ ምርጫ ግን ከ100 መራጮች 70ው ድምፅ ሰጥተዋል።

እንግዲህ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብናል። በኮሚኒስቱ ዘመን በቼኮዝሎቫኪያ ምርጫ ማለት አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ ዝርዝር በሳጥን ውስጥ መክተት ነበር። ይፋ የሚደረገው ተሳትፎም ከ99 በመቶ ያላነሰ ነበር። ከፍተኛ ተሳትፎ በራሱ የነጻነት ምልክት እንዳልሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1990 የመጀመሪያው ነጻ ምርጫ ሲደረግ ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ ከ95 በመቶ በላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ቤት መቅረትም የፖለቲካ መሣሪያ ሆነ፤ እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

በስሎቫኪያ ሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ እንዲጸና ከመራጮቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መሳተፍ አለባቸው። ውጤቱን የማይፈልግ ወገን «አይሆንም» ብሎ ከመከራከር ይልቅ ደጋፊዎቹን ቤታቸው ቢያስቀምጥ ይቀለዋል፤ «አይሆንም» የሚለው መራጭ ግማሹን ለመሙላት ይረዳልና። በሜይ 1997፣ በቭላዲሚር ሜቺያር የጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመን፣ ስለ ኔቶ አባልነትና ፕሬዚዳንቱን ሕዝቡ በቀጥታ ስለ መምረጡ ሕዝበ ውሳኔ ተጠራ። ለመራጮች የቀረበው ወረቀት ግን ስለ ፕሬዚዳንቱ የሚጠይቀው ጥያቄ ሳይካተትበት ታትሞ መጣ። ብዙዎች ተቆጥተው አንመርጥም አሉ፤ ተሳትፎው 10 በመቶ እንኳ አልሞላም። በዚያ ቀን መቅረት የዜግነት ግዴታን መዘንጋት ሳይሆን መወጣት ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። የ2003ቱ ሕዝበ ውሳኔ እንኳ ግማሹን ያለፈው ለጥቂት ነው፤ ተሳትፎው 52.15 በመቶ ነበር። በአገሪቱ ታሪክ የጸናው ብቸኛው ሕዝበ ውሳኔም እርሱ ነው።

የ2004ቱን ጸደይም እንመልከት። በአፕሪል 3 የፕሬዚዳንት ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ተካሄደ። በዚያው ዕለት አስቀድሞ ምርጫ ይደረግ እንደሆነ የሚጠይቅ ሕዝበ ውሳኔ ነበር፤ ግማሹ ስላልሞላ ወደቀ። በአፕሪል 17 ሁለተኛው ዙር ሆነ፤ ኢቫን ጋሽፓሮቪች ሜቺያርን አሸነፈ። ከዚያ የአባልነቱ በዓል መጣ። በጁን አራተኛው ጥያቄ ሲቀርብ ፓርቲዎቹ ራሳቸው ደክመው ነበር። የሚከራከሩበት ነገርም አልነበራቸውም፤ መቀመጫዎቹን የተካፈሉት አምስቱ ፓርቲዎች ሁሉ አባልነቱን የደገፉ ነበሩ። የአንደኛው ድርሻ 17 በመቶ ያህል፣ የአምስተኛው ደግሞ 13 በመቶ ያህል ነበር። ለፓርቲዎች ከመንግሥት ካዝና የሚከፈለው ድጎማ የሚሰላውም በብሔራዊው ምክር ቤት ምርጫ ባገኙት ድምፅ ነው። መራጩ ግዴለሽ ሆነ ብለን ከመፍረዳችን በፊት ግዴለሽነቱ ከየት እንደጀመረ መጠየቅ ይገባል፤ በእኔ እይታ የጀመረው ከላይ ነው።

ካርልሃይንዝ ራይፍና ኸርማን ሽሚት የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ምሁራን በ1979 የተደረገውን የመጀመሪያውን የአውሮጳ ፓርላማ ቀጥተኛ ምርጫ አጥንተው በ1980 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እነዚህ ምርጫዎች «ሁለተኛ ደረጃ ብሔራዊ ምርጫዎች» ናቸው ብለዋል። መንግሥት የማይመሠረትበት ምርጫ ስለሆነ ሰዉ በብዛት አይወጣም፤ የሚወጣውም የአገር ውስጥ ሂሳቡን ሊያወራርድ ነው። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ነገር ግን ተሳትፎ ለምን እንደሚያንስ እንጂ ለምን እስከ 17 በመቶ እንደሚወርድ አይነግረንም። ሊትዌኒያን ተመልከቱ። በ2004 የአውሮጳ ምርጫ ከፕሬዚዳንት ምርጫ ጋር በአንድ ቀን ስለዋለ 48 በመቶ መራጭ ወጣ። በ2009 ለብቻው ሲሆን ወደ 21 በመቶ ወረደ። ቤልጅግ ውስጥ ድምፅ መስጠት በሕግ ግዴታ በመሆኑ ቁጥሩ 90 በመቶ ገደማ ነው። እነዚህን ሁሉ ደምሮ «የአውሮጳ አማካይ» ብሎ ማቅረብ፣ ይቅር በሉኝና፣ ጤፍንና ሽንብራን በአንድ ቁና እንደ መስፈር ነው።

በ2009 መጀመሪያ ስሎቫኪያ ዩሮን የገዛ ገንዘቧ አደረገች። የእንጀራ ጉዳይ እንኳ በአውሮጳ ደረጃ እየተወሰነ በጁን የመጣው መራጭ ከ20 በመቶ አልሞላም። ከዚያ 2014 መጣ። የሊዝበን ውል ለአውሮጳ ፓርላማ ሰፊ ሥልጣን ከሰጠ ከአራት ዓመት በላይ ሆኖታል። ሩሲያ ክሪሚያን ጠቅልላ የያዘችው በማርች ነው፤ ስሎቫኪያ ደግሞ ከዩክሬን ጋር ትዋሰናለች። በዚያው ማርች መጨረሻ በፕሬዚዳንት ምርጫው ሁለተኛ ዙር ከመራጮቹ ግማሽ ያህሉ ወጥተው ነበር። በሜይ 24 ግን የወጣው 13.05 በመቶ ነው። በኅብረቱ ታሪክ በየትኛውም አገር ከዚህ ያነሰ አልተመዘገበም።

መቶኛውን ወደ ሰው እንለውጠው። ከ4.4 ሚሊዮን ያህል ተመዝጋቢዎች የወጡት ከ600 ሺህ ያንሳሉ። በ2012 ብሔራዊ ምርጫ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ያገኘው የሮበርት ፊትሶ ፓርቲ ስሜር፣ በዚህኛው አንደኛ የወጣው ወደ 135 ሺህ በሚሆን ድምፅ ነው። ከ13ቱ መቀመጫዎችም አራቱን ወሰደ። ከደጋፊዎቹ ከስምንቱ አንዱ ያህል ብቻ ወጥቶ አንደኛ ሆነ ማለት ነው። ሌላ ነገርም አለ፦ መዝገቡ በቋሚ መኖሪያ አድራሻ የሚዘጋጅ በመሆኑ፣ ለሥራ ወደ ብሪታንያ፣ ወደ ኦስትሪያ ወይም ወደ ቼክ ሪፐብሊክ የሄደው ሰው አድራሻውን ካልሰረዘ አገር ቤት እንደ ቀሪ ይቆጠራል። በብሔራዊ ምርጫ ከውጭ በፖስታ መምረጥ ሲቻል በዚህኛው አይቻልም። ስለዚህ ከቀሪዎቹ መካከል አውሮጳን ከማንም ይልቅ የኖሩባት ይገኛሉ።

በ2019 ተሳትፎው ወደ 22.74 በመቶ፣ በ2024 ወደ 34.38 በመቶ አደገ። ይህን እንደ ምሥራች የሚያወሩ አሉ። እኔ እጠነቀቃለሁ። ከ2019ኙ ምርጫ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጋዜጠኛው ያን ኩትሲያክና እጮኛው ተገድለው አገሩ በሰልፍ ተናውጦ ነበር። ከ2024ቱ ምርጫ ሦስት ሳምንት ተኩል በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር ፊትሶ በሃንድሎቫ ከተማ በጥይት ቆስለዋል። መራጩን ያወጣው ብራስልስ ሳይሆን የቤቱ ጠብ ይመስለኛል።

ለእኛ የሚቀርብ አንድ ነገር ልጨምር። ስሎቫኮች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ምርጫ ከመጠራታቸው ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በማርች 2004፣ የመላው አፍሪካ ፓርላማ እዚሁ አዲስ አበባ ተመርቆ ተከፈተ። መቀመጫው በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ሚድራንድ ተዛወረ። አባላቱን፣ ከየአገሩ አምስት አምስት እየሆኑ፣ የየአገሩ ምክር ቤት ይልካቸዋል፤ የአውሮጳውም እስከ 1979 እንዲሁ ነበር። ስለዚህ በእኛ አህጉር «ስንት ሰው መረጠ?» ተብሎ አይጠየቅም። በስሎቫኪያ 13 በመቶ ላይ ፈገግ የምትሉ ተማሪዎቼ፣ የራሳችሁን አምስት ተወካዮች ስም ታውቁ እንደሆነ አሁን ብጠይቃችሁ ምን ትመልሱልኝ ይሆን?

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል። ጥያቄዎቻችሁን ከኋላ ረድፍ ጀምሬ እቀበላለሁ።