በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግዴታ ስለ ሆኑት ትምህርቶች
(ታሪካዊ ጥናት)

መግቢያ

መንግሥት ለልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍት ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ «ምን ይማሩ?» የሚለው ነው። ይህንም ተከትሎ ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም «ከሚማሩት ውስጥ ማንም ሳያውቀው ማለፍ የማይችለው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ተማሪው ቢወድ የሚማረው፣ ባይወድ የሚተወው ትምህርት አለ። ቢወድም ባይወድም የሚማረው፣ ካላወቀውም በሩ የሚዘጋበት ትምህርት ደግሞ አለ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የጥናታችን ወሰን የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተበት ከ1901 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ዘመን ነው። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ነገሩን ስንመረምር ሁለት ዓይነት ግዴታ እንዳለ ተረድተናል። አንደኛው በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ የተጻፈ ግዴታ ነው፤ ሁለተኛው በፈተና የሚጸና ግዴታ ነው። ሁለቱ አንድ የሆኑበት ጊዜ ጥቂት ነው። የተማሪውንም ዕድል የወሰነው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ይመስለናል። ከዚህ በታች የምናቀርበው ታሪክ ይህንን አሳብ ለማስረዳት ነው።

ሀ፤ ከዘመናዊው ትምህርት በፊት

በቤተ ክህነት ትምህርት ግዴታው የሚታወቀው በቅደም ተከተሉ ነበረ። ልጁ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ ሐዋርያት መልእክትና ወደ ወንጌል ንባብ ይሻገራል፤ ዳዊት ሲደግም የንባብ ቤት ይፈጸማል። ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት የሚባሉት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ዳዊት ያልደገመ ልጅ ወደ ዜማ አይሄድም። የሚያሳልፈውም የመንግሥት ፈታኝ ሳይሆን መምህሩ ራሱ ነው።

በቁርዓን ቤትም ሥርዓቱ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። ልጁ የዐረብኛን ፊደል በሰሌዳ ላይ ለይቶ ቁርዓንን ካነበበ በኋላ ወደ ፊቅህና ወደ ሰዋስው ትምህርት ይሻገራል። በወሎ ዳና የመሰሉ ቦታዎች ደረሶችን ከሩቅ አገር ይስቡ የነበሩት በዚህ ከፍተኛ ትምህርት ነው።

ሁለቱም ሥርዓቶች የሚያስተምሩት ልጁ በቤቱ በማይናገረው ቋንቋ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ አንዱ በግእዝ፣ ሌላው በዐረብኛ ነው። እንግዲህ ትምህርት ማለት አስቀድሞ ሌላ ቋንቋ ማወቅ ነው የሚለው አሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ እንዳይመስለን።

ለ፤ ከ1901 እስከ 1928 ዓ.ም.

ዳግማዊ ምኒልክ አውሮፓዊ ትምህርት ለመክፈት ባሰቡ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን በኩል ተቃውሞ ገጠማቸው። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ የሌላ ሃይማኖት አስተማሮች ገብተው የልጆችን እምነት እንዳያናውጡ ሠጉ። ነገሩ የተስማማው አስተማሮቹ ከግብጽ፣ ከቅብጦች ወገን እንዲመጡ በመደረጉ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት የተመራው ሐና ሳሊብ በተባሉ ግብጻዊ ነበረ።

በዚህ ትምህርት ቤት ዋናዎቹ ትምህርቶች ቋንቋዎች ነበሩ። ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ፣ ከነሱም ጋር አማርኛና ግእዝ ይሰጡ ነበር። ሒሳብ፣ ሳይንስና የሰውነት ማጠንከሪያም ነበሩ። መንግሥቱ በጊዜው የቸገረው ከውጭ መልእክተኞች ጋር የሚነጋገር፣ ውል የሚያነብ፣ ደብዳቤ የሚተረጉም ሰው ነበረ። የትምህርቱም ዝርዝር የዚህን ችግር መልክ ይዞ ወጣ።

በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በበላይነት ሲመሩት፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ላይ የቆመ ነበረ። ፈረንሳይኛ በዚያ ዘመን የዲፕሎማሲም፣ የባቡር ኩባንያውም ቋንቋ ስለ ነበረ የበላይነት አገኘ። ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ተከፈተ።

በዚህ አካሄድ ላይ ጥያቄ ያነሡም አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1930 የትምህርት ሚኒስቴር ሲቋቋም ለምክር የመጡት አሜሪካዊው ኧርነስት ዎርክ ከፈረንሳይ አገር ተገልብጦ የመጣው ትምህርት ለኢትዮጵያ እንደማይስማማ፣ ልጆችም በአማርኛ በተዘጋጀ መጽሐፍ ቢማሩ እንደሚሻል አሳሰቡ። ነገር ግን አሳቡ በሥራ ሳይፈተን ጦርነቱ ደረሰ።

ሐ፤ የጠላት ወረራ ዘመን

ጣሊያኖች የቀድሞዎቹን ትምህርት ቤቶች ዘግተው በ1928 ዓ.ም. ባወጡት የአስተዳደር ሕግ ለየግዛቱ የትምህርት ቋንቋ ደነገጉ። በኤርትራ ትግርኛ፣ በአማራ ግዛት አማርኛ፣ በአዲስ አበባ አማርኛና ኦሮምኛ፣ በሐረር ሐረርኛና ኦሮምኛ፣ በደቡብ ምዕራብ ኦሮምኛና ካፍኛ፣ በሶማሌ ሶማሊኛ እንዲሆን ተባለ። ለእስልምና ተከታዮች ደግሞ ዐረብኛ ታሰበ። የወራሪው አሳብ ሕዝቡን ከፋፍሎ ለመግዛት ስለ ነበረ የሠራው ሥራ ጥቂት፣ የተወው መጥፎ ስም ግን ብዙ ሆነ። ከዚያ በኋላ በየቋንቋው ማስተማር የሚለው ነገር ሲነሣ ለብዙ ጊዜ በጥርጣሬ የታየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብለን እንገምታለን።

መ፤ ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም.

ከነጻነት በኋላ ትምህርቱ እንደ አዲስ ተጀመረ። የእንግሊዝ ርዳታ በዝቶ ስለ ነበረ የፈረንሳይኛን ቦታ እንግሊዝኛ ወሰደ። የመጀመሪያው የተሟላ ሥርዓተ ትምህርት በ1940 ዓ.ም. ወጣ። በአንደኛ ደረጃ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ ግብረ ገብ፣ የእጅ ሥራ፣ ሙዚቃና ስፖርት ይሰጡ ነበር። በወረቀት ላይ ሁሉም ግዴታ ናቸው። በተግባር ግን የሁሉም ክብደት አንድ አልነበረም። ሦስቱን ለይተን እንመልከት።

1ኛ፤ ቋንቋ። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ በመላው አገር አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አደረገው። በመጀመሪያ ልጆች በአማርኛ የሚማሩት በታችኞቹ ክፍሎች ብቻ ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው በእንግሊዝኛ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ግን የትምህርቱ ደረጃ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተብሎ ሲከፈል አማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሒሳብና ሳይንስ በአገር ቋንቋ ሊነገሩ እንደሚችሉ አስመስክሯል።

ይሁን እንጂ የደስታው ድርሻ ለሁሉ እኩል አልነበረም። በጎንደር ወይም በመንዝ የተወለደ ልጅ በሚናገረው ቋንቋ ጀምሮ እንግሊዝኛን በኋላ ይገጥመዋል። በወለጋ፣ በሲዳሞ ወይም በኦጋዴን የተወለደው ግን በመጀመሪያው ቀን የሚሰማው አስተማሪው የሚናገረውን የማያውቀውን አማርኛ ነው፤ እሱን ተምሮ ሲያበቃ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። አንዱ አንድ ሸክም፣ ሌላው ሁለት ሸክም ተሸክመው ለአንድ ፈተና ይቀርባሉ። በሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ በሚሰጠው የትምህርት ማስረጃ ፈተና እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አማርኛ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከሚፈለጉት ትምህርቶች ውስጥ ነበሩ። ደንቡ ለሁሉ አንድ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ አልነበረም። በኋላ ስለ ቋንቋ የተነሣው ትልቅ ክርክር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

2ኛ፤ ግብረ ገብ። የዚህ ትምህርት ዓላማ ልጁ እግዚአብሔርን እንዲፈራ፣ ንጉሡንና አገሩን እንዲወድ፣ ታላላቆቹን እንዲያከብር ነበር። በብዙ ቦታ አስተማሪው ቄስ ነበሩ፤ ትምህርቱም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተቀዳ ነበር። ለክርስቲያን ልጅ ይህ ክፍለ ጊዜ ከቤቱ ጋር የሚስማማ ነው። ለእስልምና ተከታይ ልጅ ግን ቤቱ የሚነግረውና ክፍሉ የሚነግረው የተለያየበት ሰዓት ነበረ።

3ኛ፤ የእጅ ሥራ። መንግሥት ለዚህ ትምህርት ብዙ አስቦለት ነበር። በ1950ዎቹም ውስጥ ኮምፕሪሄንሲቭ የተባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእርሻ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ፣ የንግድና የቤት አያያዝ ትምህርት እንዲሰጡ ተደረገ። ነገር ግን ወላጅ ልጁን የሚልከው ጸሐፊ እንዲሆንለት እንጂ አናጢ እንዲሆንለት አልነበረም። ቀጥቃጭን፣ ሸማኔንና ፋቂን መናቅ በአገራችን ሥር የሰደደ ነገር ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውም ፈተና ስለ መጋዝና ስለ መሮ አይጠይቅም። ስለዚህ ተማሪው በእጅ ሥራ ሰዓት ሒሳቡን ቢሠራ አናደንቅም። ግዴታ የተባለ ትምህርት ካልተፈተነ እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚሞት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ይህን ጉድለት ለማረም ነበር በ1964 ዓ.ም. የትምህርት ዘርፍ ግምገማ የተባለው ጥናት የተደረገው። ጥናቱ ትምህርት ለብዙኃን እንዲዳረስ፣ ብዙው ልጅም አራት ዓመት ያህል ለኑሮው የሚጠቅመውን ተምሮ ወደ ሥራ እንዲገባ አሰበ። አሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም። ሆኖም አስተማሮችና ወላጆች «የድኻው ልጅ በአራተኛ ክፍል እንዲቆም፣ የባለጸጋው ልጅ እንዲቀጥል ነው» ብለው ተረዱት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. አስተማሮች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ። በዚያ ወር ዘውዱን ካናወጡት ጥያቄዎች አንዱ «ልጄ ምን ይማር? እስከ ምን ድረስ ይማር?» የሚለው ነበረ።

ሠ፤ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.

አብዮቱ ግብረ ገብን አስወጥቶ የፖለቲካ ትምህርትን አስገባ። ማርክሳዊ ሌኒናዊ ትምህርት ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ግዴታ ሆነ። የእርሻና የምርት ሥራ ትምህርትም ስሙ ከፍ አለ። የማስተማሪያው ቋንቋ ግን እስከ ስድስተኛ ክፍል አማርኛ፣ ከዚያ በላይ እንግሊዝኛ ሆኖ ቀጠለ። በሌላ በኩል በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ንባብና ጽሕፈት አስተማረ። ስለዚህ እናቲቱ በማታ በቋንቋዋ ስትማር ልጅዋ በቀን በሌላ ቋንቋ የሚማርበት ዘመን ነበረ። መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ የፖለቲካው ትምህርት አብሮ ወደቀ።

ረ፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ተደረገ። በዚህም ከላይ የጠቀስነው የሁለት ሸክም ነገር ለብዙ ልጆች ቀለለ። ሆኖም የእንግሊዝኛው በር እንዳለ ቀረ፤ ለሁሉም የጋራ በር ሆነ ማለት ይቻላል።

በግብረ ገብና በፖለቲካ ቦታ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ገባ። በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የደረጃው አከፋፈል ወደ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተመለሰ፤ ለታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብ በስሙ ተመልሶ መጣ፤ ለላይኞቹ የዜግነት ትምህርት ተደረገ። ክፍለ ጊዜው ያው ሆኖ ሳለ እንግዳው ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠ ማየት ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

የፈተናውንም ኃይል ያየነው በዚሁ ዓመት ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሮች ተፈትነው ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። አሥራ ሁለት ዓመት ግዴታ ተብሎ የተሰጠው ትምህርት ምን ያህሉ በተማሪው ውስጥ እንደ ገባ ይህ ቁጥር ያስጠይቃል።

ማጠቃለያ

ከተመለከትነው ታሪክ ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ግዴታ የሚሆነው ትምህርት መንግሥት በጊዜው የቸገረውን ያሳያል፤ በ1901 ዓ.ም. አስተርጓሚ፣ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ጸሐፊና ሹም፣ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ካድሬ ነበር የተፈለገው። ሁለተኛ፣ የመንግሥቱን አሳብ ብቻ ተደግፎ የቆመ ትምህርት ከመንግሥቱ ጋር ይወድቃል፤ ሒሳብን ግን ማንም አልሻረውም። ሦስተኛ፣ በፈተና የማይጠየቅ ግዴታ በወረቀት ይቀራል፤ በፈተና የሚጠየቅ ግዴታም መንገዱ ለሁሉ ካልተስተካከለ ለአንዱ በር፣ ለሌላው ግንብ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ትምህርት ግዴታ ይሁን ሲባል «ይጠቅማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። የሚያስተምረው ሰው፣ መጽሐፉና ልጁ የሚሰማው ቋንቋ በየአውራጃው ይገኛሉ ወይ ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። እነዚህ ሳይሟሉ ግዴታ ማድረግ ዕዳውን ከመንግሥት ትከሻ አንሥቶ በልጁ ትከሻ ላይ መጫን ነው።

ጥናቱን ለመቀጠል ለሚፈልጉ ጓደኞቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። የቀድሞ የክፍለ ጊዜ ሠሌዳዎች፣ የፈተና ወረቀቶችና የተማሮች መዝገቦች በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ምስጥ እየበላቸው ነው። እያንዳንዳችን በተማርንበት ትምህርት ቤት የተረፈውን ፈልገን ብንገለብጥ ሕጉ ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ልጁ በርግጥ ምን እንደ ተማረ ለመጻፍ እንችላለን።