ጭው ያለ ሜዳ፣ ጭው የሚል ጆሮ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ የፎገራ ሜዳ አልቆ ምድሩ ቀና ማለት በሚጀምርበት ጠርዝ የተቀመጠችው ይፋግ፣ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሻገረው የሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን አራግፎ የሚያድርባት፣ ቀረጡን ከፍሎ አሞሌውን በጥጥ፣ በቡናና በከብት የሚለውጥባት የንግድ ከተማ ስለነበረች፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ ያለፉ የውጭ አገር መንገደኞች የገበያዋን ታላቅነት በየማስታወሻቸው ጽፈውት ይገኛል። ገበያን ከሩቅ ያዳመጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ የከብቱ እምቧታ፣ የበቅሎው ማናፋት፣ የዋጋው ክርክርና የለማኙ ልመና እየተደባለቁ አንድ ወጥ ጉምጉምታ ይሆናሉና፣ ይፋግም በገበያዋ ቀን ከሜዳው ማዶ እንደዚያው ትሰማ ኖሮ ይሆናል። ነገር ግን ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ጎንደርን ካስዘረፉ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶም በ1888 ድርቡሾች ገብተው ካቃጠሏት በኋላ የሲራራው መንገድ ሳሳ፤ የመኪናው ዘመን ሲመጣም ሰውና ሸቀጡ ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ወረታ አዘነበለ፤ ያ ጉምጉምታም ከይፋግ ላይ ተነሣ።

ሰው የራቀውን ሜዳ፣ ውሃ የጠፋበትን በረሃ፣ ግርጌው የማይታየውን ገደል «ጭው ያለ» እንላለን፤ ማንም ሳይናገር በጆሮአችን ውስጥ የሚጮኸውንም ድምፅ «ጆሮዬ ጭው አለብኝ» ብለን እንናገራለን። ባዶነትንና ጩኸትን በአንዲት ቃል ማሰር ለሚያስተውል ሰው እርስ በርሱ የሚጋጭ ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን ይህን ሕማም በቤቴ ውስጥ አይቼ ያደግሁ ስለሆንሁ፣ ይህች ቃል ሐኪሞች ዘግይተው የደረሱበትን ነገር አስቀድማ የያዘች ትመስለኛለች። ስለዚህም የዚህን ሜዳ ታሪክ ከነገሥታቱና ከገበያው ወገን ሳይሆን ከጆሮው ወገን ልተርከው ወደድሁ።

የፎገራ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚያጥለቀልቁት፣ መስከረም ሲጠባም በአደይና በለምለም ሣር የሚሸፈን፣ በላሙ ወተት ስሙ የሚነሣ ውብ ምድር ነው፤ ነገር ግን ያው ውሃ ሲጎድል የሚተወው ኩሬ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ስለሆነ፣ ደገኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር በዚያ ማደርን እንደ ሞት ይፈራው ነበር። አባቶቻችን ወባን ንዳድ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ወርዶ በተከታዩ ዓመት ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ይህንኑ ስም በመጽሐፉ አስፍሮ፣ ትርጓሜው መቃጠል እንደሆነ፣ ሕመምተኛውንም በሦስተኛው ቀን እንደሚገድለው ጽፏል፤ መድኃኒቱም ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች የሚመጣው የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት መሆኑን ይናገራል። ይህን ባነበብሁ ቁጥር አንድ ነገር ልቤን ይነካዋል፦ ያንን ቅርፊት ከፔሩ ወደ አውሮፓ ያደረሱት የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት ሲሆኑ፣ የዚያው ማኅበር ሰዎች በጎርጎራና በደንቀዝ፣ ማለት በዚሁ በንዳዱ ሐይቅ ዙሪያ ተቀምጠው በሃይማኖት ምክንያት ከአገራችን የተባረሩት፣ ወንድሞቻቸው በሊማ የቅርፊቱን ኃይል በሚማሩበት በ1630ዎቹ ነበር። መድኃኒቱና ሕመሙ በአንድ ማኅበር እጅ ሊገናኙ ጥቂት ቀርቷቸው ተላለፉ።

እ.ኤ.አ. በ1820 ፔለቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት የፓሪስ የመድኃኒት ሊቃውንት ከቅርፊቱ ውስጥ መራራውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡና ኪኒን ተባለ። ይህ ስም ወደ እኛ ሲደርስ የአንድ መድኃኒት ስም መሆኑ ቀርቶ የሚዋጥ እንክብል ሁሉ መጠሪያ ሆነ፤ ዛሬ ለራስ ምታትም፣ ለሆድ ቁርጠትም «ኪኒን ስጡኝ» የሚል ሰው ሁሉ ሳያውቀው የወባን መድኃኒት ስም ይጠራል። ታዲያ ይህ ኪኒን ሕይወትን ሲያድን በጆሮ ላይ የሚተወው ምልክት አለው፤ በበቂ መጠን የተሰጠው ሕመምተኛ ጆሮው ይጮኻል፣ መስማቱ ይደነዝዛል፣ ራሱም ይዞርበታል፤ የቀድሞ ሐኪሞችም የጆሮውን ጩኸት መድኃኒቱ በደም ውስጥ ለመሙላቱ እንደ ማረጋገጫ ይቆጥሩት ነበር። እንግዲህ በዚያን ዘመን በንዳድ ለተያዘ ሰው ጭው ማለት የመትረፍ ብሥራት ነበረ ብንል ከእውነት አንርቅም። ኪኒኑ ሲቆም ጩኸቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሄዳል።

ሜዳው ግን በቀላሉ አልተፈወሰም። እ.ኤ.አ. በ1953 ከሐይቁ በስተሰሜን ባለው በደንቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ በማግሥቱ ዓመት በጎንደር የተከፈተው፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጠነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱም ይኸው መቅሠፍት ነበር። በ1958 የመጣው ደግሞ ከዚያ የባሰ ሆኖ፣ ንዳድ አይደርስበትም ይባል የነበረውን ወይና ደጋ ሁሉ አዳርሶ፣ በመላ ኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል።

ከዚያ ከተረፉት አንዱ አያቴ ነበር። በጋይንት ቤተልሔም ድጓን ያስመሰከረ መሪጌታ ስለነበረ፣ ሰው ሁሉ «የኔታ» ይለው ነበር፤ እኛም የልጅ ልጆቹ በዚሁ ስም እንጠራው ነበር። በዚያ ዓመት ድሬሰሩ ያዋጠው ኪኒን ጆሮውን ሲያስጮኸው፣ አጠገቡ የተኙት ሲሞቱ እርሱ ጩኸቱን እየሰማ መንጋቱን፣ «ጆሮዬ ሲጮኽ መኖሬን አወቅሁ» እያለ ይነግረን ነበር። ያኛው ጩኸት ሄደለት። ሁለተኛው ግን አልሄደም፤ ከዓመታት በኋላ ሳንባውን ታሞ በየቀኑ የሚወጋ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ታዘዘለትና፣ ሳሉ ቆሞ ሰውነቱ ሲመለስ በቀኝ ጆሮው የገባው ቀጭን ድምፅ እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ኖረ። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የተገኘ፣ የሳንባ ነቀርሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን በውስጠኛው ጆሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በመሰለው ጥምዝ ውስጥ የተተከሉትን ጸጉር መሰል ሕዋሳት፣ እንዲሁም የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቁትን ሊያጠፋ ይችላል፤ እነዚያ ሕዋሳት ደግሞ አንድ ጊዜ ከሞቱ በሰው ልጅ ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። የዚሁ መድኃኒት ዘመድ የሆነው ፓሮሞማይሲንም በእኛ ዘመን ወደዚህ አገር መጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ይፋግ ባለችበት ምድር፣ ካላ አዛር የተባለው በሽታ ሲገለጥና በመተማና በሑመራ የሰሊጥ እርሻ ሠርተው የተመለሱ ወጣቶች ይዘውት ሳይመጡ አልቀረም ሲባል፣ ያ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ ለዚህ በሽታ የተደነገገው የ17 ቀን መርፌ ከሁለት መድኃኒቶች የተቀመመ ሆኖ አንዱ እርሱ ነው። ከሞት የሚያድን መድኃኒትን ማንም አይንቅም፤ ነገር ግን ሕመምተኛው በሚወጋበት ጊዜ ጆሮው መጮኽ ቢጀምር ወዲያው ለሐኪሙ መናገር እንዳለበት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል እላለሁ፤ አያቴን ይህን የነገረው አልነበረም።

አሁን ደግሞ በሜዳው ሌላ ድምፅ ገብቷል። ሽምብራና ጓያ ይዘራበት፣ ከብት ይሰማራበት በነበረው ረግረግ ላይ፣ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ሩዝ ሞክረው ምድሩ ተቀበለው፤ ኤክስ ጅግና የሚባለውም ዘር ስሙን ከዚያው ቀበሌ አገኘ፤ ወረታም የሩዝ ከተማ ሆነች። ጥሬው ሩዝ ገለባው መፈልፈል፣ ነጩም መውጣት ስላለበት፣ በአስፋልቱ ዳርና በየጓሮው የቆሙት የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች በመኸር ጊዜ ከማለዳ እስከ ማታ ያጓራሉ። ጆሮ በቀን ስምንት ሰዓት ያለ ጉዳት ሊታገሠው የሚችለው ድምፅ 85 ዴሲቤል ገደማ ነው ይባላል፤ ሁለት ሰዎች በክንድ ርቀት ተቀራርበው ካልጮኹ የማይደማመጡበት ቤት ከዚያ ያለፈ ነው ማለት ነው። ማሽኑ ሲጠፋ በወጣቱ ሠራተኛ ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ጭውታ መጀመሪያ ሌሊቱን አድሮ ይጠፋል፣ ኋላ ሁለት ቀን ይቆያል፣ በመጨረሻም ቤቱን ሠርቶ ይቀመጣል። ከሥራ ልብሱ ጋር የጆሮ መድፈኛ ቢሰጠው የሚያወጣው ዋጋ ከአንድ ጣሳ ሩዝ አይበልጥም።

ይህ ጩኸት ከያዘ በኋላ አገራችን ምን ታደርግ ነበር? ሴት አያቴ ጆሮዋ ሲጮኽ «ማን ያነሣኝ ይሆን?» ትል ነበር፤ ለሚያልፍ ጩኸት ይህ በቂ መልስ ነው። ላላለፈው ደግሞ በየቤቱ የተነጠረ ቅቤ ወይም የኑግ ዘይት አሙቆ በጆሮ ማንጠብጠብ የተለመደ ነው፤ ደብተራውም የቅጠል ጭማቂ ያዝዛል። ኩክ ደርቆ ጆሮን ደፍኖ እንደሆነ ዘይቱ ያለሰልሰው ይሆናል፤ ነገር ግን የተቀደደ ታምቡር ካለ ጉዳት ያመጣል፤ ጩኸቱም የሚወለደው ዘይቱ ከሚደርስበት እጅግ አልፎ፣ ሕዋሳቱ በሞቱበትና አንጎል የተቋረጠበትን ድምፅ ፍለጋ አብዝቶ በሚያዳምጥበት ስፍራ ነው። በጸበል የዳነም ያልዳነም አይቻለሁ፤ በጸበሉ ስፍራ ሳለ ያልቀለለው ሰው ግን አላየሁም፤ ከዓለት የሚወርደው ውሃ ቀንና ሌሊት ድምፁን አያቋርጥምና።

እዚህ ላይ ነው ያቺ ቃላችን የምትመለሰው። የደንቢያ ሕዝብ በወባ ባለቀበት በዚያው በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ ጆሮአቸው ደኅና የሆነ 80 ሰዎችን ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ለብቻቸው አስቀምጠው የሚሰሙትን ቢጠይቋቸው፣ ከመቶው 94ቱ ጩኸት፣ ፉጨት ወይም እንደ ነፍሳት ያለ ድምፅ ሰማን አሉ። ጩኸቱ በአብዛኞቻችን ዘንድ አለ፤ ሲገለጥ ግን ዙሪያው ጭው ባለ ጊዜ ነው። የዛሬም ሐኪሞች ይህን ሕመም የሚያጠፋ ኪኒን እንደሌለ በግልጽ እየተናገሩ፣ መስማት የደከመውን በመስሚያ መሣሪያ ይረዱታል፣ ሌሊቱን ለስላሳ ድምፅ ከአጠገቡ እንዳይለይ ይመክሩታል፣ ፍርሃቱንና ሐሳቡን በምክር ሕክምና ያቀሉለታል፤ አንጎልም የማያስፈራውን ድምፅ ቀስ በቀስ መስማቱን ይተዋል። በአንድ ጆሮ ብቻ የመጣ፣ ከልብ ምት ጋር የሚመታ ወይም ከድንገተኛ የመስማት ማጣት ጋር የገባ ጩኸት ግን ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

አያቴ ከዚህ አንዱንም አላነበበም። በገዳም ያሉ ወዳጆቹ ሕመሙን በአርምሞና በሱባዔ እንዲያስታግሠው መክረውት ሦስት ቀን ዘግቶ ቢቀመጥ፣ ድምፁ በጭርታው ውስጥ ገዝፎ ሊያሳብደው ደረሰና ወጣ። ማኅሌት በቆመ ጊዜ ግን፣ ከበሮው ሲመታ፣ ጽናጽሉ ሲንሿሿ፣ መሪና ተመሪ ሲቀባበሉ፣ ጩኸቱ እንደሚለየው አስተዋለ፤ ሰውነቱ ደክሞ መቆም በተሳነው ጊዜም እንኳ መቋሚያውን ተደግፎ የማይቀርበት ሌሊት አልነበረም። ማኅሌት በሌለበት ሌሊት የሚሆነውን ያገኘችለት ሴት አያቴ ናት። ከግርጌዋ በስሱ የተሰነጠቀች፣ ለውሃ መቅጃ የማትሆን አንዲት እንስራ ነበረችን፤ ልትጥላት አውጥታ ከደጅ ካስቀመጠቻት በኋላ መልሳ አገባቻትና ከመደቡ ራስጌ በሦስት ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ከሥሯ ገበቴ ደቀነችባት። ውሃው ጠብ፣ ጠብ እያለ ሲያድር እርሱም ያንን እየቆጠረ ይተኛ ነበር። በልጅነቴ ከእነርሱ ዘንድ ባደርሁበት ሌሊት ሁሉ፣ ሴት አያቴ ኩራዙን ከማጥፋቷ በፊት ስትመጣ፣ እንስራዋን በእጇ ዳብሳ ውሃዋ ከየት እንደደረሰ ስታውቅ፣ የጎደለውንም በቅል ስትሞላ አያት ነበር።